በዲናሩ ጀርባ ያለችው ሴት

ሮማ በባቡር የሚገባ ኢትዮጵያዊ ከጣቢያው ደጃፍ እንደወጣ የሚረግጠው መሬት የራሱን ታሪክ የያዘ ነው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የተንጣለለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከዚያው አቅራቢያ በዛፍ ጥላ ውስጥ ቆሟል፤ ከግብፅ የመጣ፣ ዙሪያውን በጥንታዊ የሥዕል ጽሕፈት የተሞላ ረጅም የድንጋይ ምሰሶ ነው። ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የመጣው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ዘመን የተቀመጠው እዚህ ምሰሶ ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. አንበሳውን አይቶ የተንበረከከው፣ ሊያስነሡት ሲመጡም ሰይፉን የመዘዘው እዚህ ነው። አንበሳው በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። ዘርዓይ ግን እዚያው ጣሊያን ውስጥ እንደተያዘ ሞተ።

ምሰሶው ራሱ ከዶጋሊ ጋር ዝምድና የለውም። የራምሴስ ዳግማዊ ሥራ ነው። የጥንት ሮማውያን ወደ ከተማቸው አምጥተው በኢሲስ ቤተ መቅደስ አቁመውት ነበር፤ ልጇን ሆረስን ስታጠባ በምትታየው በግብፃውያን እናት አምላክ ቤት ማለት ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ከመሬት በታች ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1883 በቁፋሮ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ የዶጋሊ ሙታን መታሰቢያ ሆነ። የአንዲት እንስት አምላክ ንብረት መንግሥት በቸገረው ጊዜ ለጦርነት አገልግሎት ዋለ። እኔ ወደ ሮማ የሄድኩት በብር ላይ የተቀረጹትን እንስት አማልክት ለማየት ነበርና፣ ይህ ድንጋይ ከሙዚየሙ በር ሳልደርስ ጥያቄ አስያዘኝ።

ሙዚየሙ ከአደባባዩ ጠርዝ ላይ ነው። ፓላዞ ማሲሞ ይባላል፤ ቀድሞ የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ነበር። ፎቁ ላይ ከአውግስጦስ ሚስት ከሊቪያ ቤት የመጣው የአትክልት ሥዕል አለ። አራቱንም ግድግዳ የሞላ፣ ዛፎቹ ፍሬ ያዘሉበት፣ ወፎች በየቅርንጫፉ ያረፉበት ሥዕል ነው፤ መሐሉ የቆመ ሰው ለመውጣት ይቸገራል። ምድር ቤቱ ግን የገንዘብ ነው። እዚያም አንድ የምናውቀው ሰው ይጠብቀናል። ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ በስሙ ላይ የጨመረው ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊ ዕድሜ ልኩን ሳንቲም ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነበር። ስለ ጣሊያን ሳንቲሞች ሃያ ቅጽ የሞላ መጽሐፍ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1946 ዙፋኑን ሲለቅ ከመቶ ሺህ በላይ የሆነውን ስብስቡን ለጣሊያን ሕዝብ ትቶ ሄደ፤ ዛሬ ያለው እዚህ ነው። የአንዲት ትንሽ ከተማ የደበዘዘ ሳንቲም ላይ ያለችውን ፊደል ለማንበብ ሰዓታት የሚታገሥ ሰው፣ በስሙ በአገራችን ላይ መርዝ ሲዘንብ እንዴት ዝም እንዳለ እያሰብኩ ነው ወደ ጥንቱ ብር ያለፍኩት። መልስ አላገኘሁለትም። ትዕግሥቱና ጭካኔው በአንድ ሰው ውስጥ ጎን ለጎን ኖረዋል።

ሮማውያን በመጽሐፍ ቅዱሳችን ዲናር የምንለውን ብር መምታት የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ዓመት ገደማ፣ የካርታጎው ሃኒባል ጣሊያን ምድር ላይ ሆኖ ሲያስጨንቃቸው ነው። ክብደቱ መጀመሪያ አራት ግራም ተኩል ያህል ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ አራት ግራም ወረደ። ፊቱ ላይ ክንፍ ያለው የራስ ቁር የደፋች ሴት አለች። ሮማ ናት፤ ከተማይቱ ራሷ አምላክ ሆና።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ሳንቲም ሲባል ቀድሞ የሚታየው የንጉሥ ፊት ነው። አክሱማውያን በሦስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በኤንዱቢስ ዘመን ገንዘብ መምታት ሲጀምሩ በወርቁ ላይ ንጉሡን በፊትም በጀርባም አደረጉት። ግራና ቀኙንም በእህል ዛላ ከበቡት። ከላዩ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበረ፤ ኢዛና ካመነ በኋላ መስቀል ተተካ። ምኒልክም ኃይለ ሥላሴም በዚያው መንገድ ሄዱ። በሮማ ግን ዲናር ከተጀመረ አንሥቶ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ በሕይወት ያለ ሰው መልኩን በከተማይቱ ብር ላይ አላስቀረጸም። መጀመሪያ የደፈረው ዩልዮስ ቄሣር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት የራሱን ፊት አስቀረጸ፤ በጀርባው ቬነስን አቆመ፤ ዘሩን ከእሷ ይቆጥር ነበርና። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ገደሉት። ከዚያ በፊት በነበሩት ትውልዶች የብሩ ፊት በአብዛኛው የሴት ነበር፤ ሮማ፣ ጁኖ፣ ቬነስ፣ ዲያና፣ ሴሬስ።

ማጉያ መስታወቱን ከአንዱ ብር ወደ ሌላው ሳሻግር ከታላላቆቹ አማልክት ይልቅ ትንንሾቹ ያዙኝ። ሮማውያን አንድን በጎ ነገር ሴት አድርገው ይቀርጹትና ስሙን ከጎኑ ይጽፉበታል። ሰላም የወይራ ቅርንጫፍ ይዛ ቆማለች። ተስፋ በአንድ እጇ የቀሚሷን ጫፍ ከፍ አድርጋ በሌላው አበባ ይዛ ትራመዳለች። ርትዕ ሚዛን አንጠልጥላለች። እምነት፣ ደስታ፣ ነጻነት፣ ትዕግሥት ሁሉም አሉ። በአገሬ የአንድ ክፍል ሴት ተማሪዎች ስም ሲጠራ የምሰማ መሰለኝ።

እኛ ልጅን ሰላም ወይም ነጻነት ብለን ስንሰይም ስሙ ብዙ ጊዜ የተወለደችበትን ዘመን ይናገራል። ጦርነት ሲበዛ ሰላም ትወለዳለች። ቤት በሐዘን ሲመታ ደስታና መጽናናት ይመጣሉ። ስሙ ጸሎት ነው፤ ያለንን ከማወጅ ይልቅ የጎደለንን ይጠራል። ስለዚህ የሮማን ብር እንደ አገሬ ስም ማንበብ ጀመርኩ። እያንዳንዷ ሴት ፊት ቆሜ፣ አንቺ እዚህ የወጣሽው ምን ቢጠፋ ነው? አልኩ። እ.ኤ.አ. በ68 እና በ69፣ ኔሮ ከሞተ በኋላ አራት ሰዎች በተከታታይ ዙፋኑን ሲነጣጠቁ፣ ብሩ በሰላምና በነጻነት ተሞላ። ጥያቄው መልስ ይሰጣል።

ነጻነት ላይ ብዙ ቆየሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ54 ዓመት ወጣቱ ብሩቱስ የገንዘብ ሹም ሆኖ ያስመታው ዲናር ፊት ላይ እሷ አለች፤ በጀርባው ነገሥታትን ከሮማ ያባረረው ጥንታዊው ብሩቱስ በአጃቢዎቹ መካከል ይሄዳል። ሹሙ ከአሥር ዓመት በኋላ ቄሣርን ከወጉት አንዱ ሆነ። የሚያምር ብር ነው፤ የፀጉሯ አሠራር ሳይቀር ይታያል። ነገር ግን ይህ ብር ከየት ወጣ? ትልቁ የሮማ ብር ምንጭ እስፓኝ ውስጥ በካርታጌና አጠገብ ያለው ማዕድን ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ በእሱ ዘመን አርባ ሺህ ሰዎች ይሠሩበት እንደነበር፣ ለሮማ ሕዝብም በቀን ሃያ አምስት ሺህ ድራክማ ያስገባ እንደነበር ጽፏል። ጉድጓድ ውስጥ የሚወርደው ባሪያ ነው። የነጻነት መልክ የታተመው ባሪያ ቆፍሮ ባወጣው ብር ላይ ነው። ብሩቱስ ይህን አስቦት የሚያውቅ አይመስለኝም። እኛም በገዛ አገራችን ባርያ ንግድ ከነበረበት ዘመን ብዙ አልራቅንምና በእሱ ላይ ብቻ የምፈርድበት ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ያለው የጢባርዮስ ዲናር ነው። ይህን ብር እያንዳንዱ ክርስቲያን ሳያየው ያውቀዋል። ፈሪሳውያን ስለ ግብር በጠየቁት ጊዜ ጌታችን አሳዩኝ ያለው ዲናር ይህ እንደነበር በተለምዶ ይታመናል። ጥያቄው መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ነበር፤ መልሱም ቄሣር ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው የፊቱን ነገር ነው። እኔ ግን ብሩ ጀርባ እንዳለው አስቤ አላውቅም ነበር። በጀርባው አንዲት ሴት ዙፋን ላይ ተቀምጣለች፤ በአንድ እጇ ረጅም በትር፣ በሌላው ቅርንጫፍ ይዛለች። ብዙ ሊቃውንት በሰላም አምሳል የተቀረጸች የጢባርዮስ እናት ሊቪያ ናት ይላሉ። ያች ፎቁ ላይ አትክልቷን ያየሁላት ሴትዮ ማለት ነው። በወይን አትክልት ሥፍራ የዋሉት ሠራተኞች ለቀን ድካማቸው የተቀበሉት ይህን የሚመስል ብር ነበር። ማታ ቤታቸው ሲገቡ መዳፋቸው ውስጥ ሁለቱም ነበሩ፤ በአንድ ወገን ገዥው፣ በሌላው ወገን ሰላም።

ዲናር የእኛንም ባሕር ዳርቻ አይቷል። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ጥቂት ዲናር ይቆጥራል፤ እዚያ ለሚቀመጡት የውጭ አገር ሰዎች መገበያያ ነው። የአገሩ ሰው ብሩ ላይ ያሉትን ሴቶች ምን ብሎ ይጠራቸው እንደነበር ብሰማ ደስ ባለኝ።

ምሳ የበላሁት ከጣቢያው ጀርባ ባሉት መንገዶች ነው። እዚያ እንጀራ አይጠፋም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች በሮማ ቤቶች ልጅ እያሳደጉ፣ ሽማግሌ እያስታመሙ ይኖራሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት ከእነዚህ አንዷ ነበሩ። ሳንቲም ለማየት እንደመጣሁ ስነግራቸው አልገረማቸውም።

«የወርቅ ነው የብር?» አሉኝ።

«የብር ነው እማማ። ሴቶች የተቀረጹበት።»

«እንደ ማርትሬዛ በለኛ።» ትንሽ ዝም ብለው ቀጠሉ። «አባቴ ወሎ ነጋዴ ነበሩ። መልኳን አይተው ብቻ አይቀበሉም። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ጣል ያደርጓትና ድምፅዋን ይሰማሉ። ከዚያ የትከሻዋን ፈርጥ ይቆጥራሉ። አንድ ከጎደለ ይመልሷታል፤ ልጄ፣ የሰው ፊት ያታልላል፣ ድምፅ ግን አያታልልም ይሉን ነበር።»

ማሪያ ትሬዛ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ ብሯ ያንኑ ዓመት እንደያዘ እየታተመ ለእኛና ለቀይ ባሕር ገበያ ሲላክ ኖሯል። የወሎው ነጋዴ ማን እንደሆነች ማወቅ አላስፈለጋቸውም፤ ጆሯቸው በቂ ነበር። በሮማ ያየኋቸውን ብሮች ሁሉ ከዚያ በኋላ የተመለከትኩት በእኚህ ነጋዴ ዓይን ነው። መንግሥት በሴት መልክ እመኑኝ ይላል፤ ሰው ደግሞ ብሩን በእጁ ይመዝናል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ካፒቶል ኮረብታ ወጣሁ። በስተሰሜን ያለው ጫፍ ላይ ዛሬ የሳንታ ማሪያ ኢን አራቼሊ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ደረጃዋ ከመቶ ሃያ በላይ ነው፣ ጉልበት ይፈትናል። በዚህ ጫፍ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ344 ዓመት የጁኖ ሞኔታ ቤተ መቅደስ ተመረቀ። ጎሎች ከተማይቱን በሌሊት ሊይዙ ሲወጡ ጮኸው ዘበኛውን የቀሰቀሱት ዝይዎች የጁኖ ነበሩ ይባላል። የገንዘብ ማተሚያው ቤት ከቤተ መቅደሷ አጠገብ ስለሆነ ዛሬ ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ገንዘብን በስሟ ይጠሩታል።

እኔን የሳበኝ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት ካሪሲየስ የሚባል ሹም ያስመታው ዲናር ነው። በፊቱ ሞኔታ ከነስሟ አለች። በጀርባው አምላክም ሠረገላም የለም፤ ያለው መስፍ፣ መዶሻና ጉጠት ነው። ሥራው ራሱ ክብር አግኝቶ ብሩ ላይ ወጣ። አንዱ ሠራተኛ የጋለውን ብር በጉጠት ከታችኛው ቅርጽ ላይ ያኖራል፣ ሌላው የላይኛውን ቅርጽ ይደግፋል፣ ሦስተኛው በመዶሻ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ115 የማተሚያ ቤቱ ባሮችና ነጻ የወጡ ሠራተኞች ያቆሟቸው የድንጋይ ጽሑፎች ተገኝተዋል፤ ቀራጩም መዶሻ መቺውም በየሙያው ተጠርቶበታል። እኔ የመጣሁት ከሌላ ልማድ ነው። በአገራችን ማርትሬዛን አቅልጦ የአንገት መስቀል የሚሠራልንን፣ ማረሻችንን የሚያሾልልንን ሰው ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያልን ዘመናት አሳለፍን። በእጁ የሠራውን መስቀል እየተሳለምን እሱን ከማዕዳችን አራቅነው። ሮማውያንም ሠራተኛውን ባሪያ አድርገውት ነበርና የተሻሉ አልነበሩም። መዶሻውን ግን ከአምላካቸው ፊት ጀርባ ለጀርባ አስቀመጡት። ይህን በገዛ አገሬ ብር ላይ ለማየት እመኛለሁ።

ከኮረብታው በስተጀርባ ስወርድ ቬላብሮ ከሚባለው ሰፈር ደረስኩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሰማዕቱ የራስ ቅል እንዳለበት ይነገራል። የዓድዋን ቀን የሚያስብ ሰው ሳይሳለም አያልፍም። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አንድ የእብነ በረድ በር ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ204 የገንዘብ ለዋጮችና የከብት ነጋዴዎች ለንጉሠ ነገሥት ሴፕቲምዩስ ሴቬሩስና ለቤተሰቡ ያሠሩት ነው። በውስጠኛው ግድግዳ ንጉሡና ሚስቱ ዩልያ ዶምና መሥዋዕት ሲያቀርቡ ይታያሉ። ከጎናቸው ባዶ ድንጋይ አለ። ጌታ የሚባለው ትንሹ ልጃቸው የነበረበት ነው። ወንድሙ ካራካላ እ.ኤ.አ. በ211 መጨረሻ አባታቸው በሞተበት በዚያው ዓመት በእናቱ እቅፍ ውስጥ አስገደለው፤ ከዚያም ስሙም መልኩም በየቦታው እንዲፋቅ አደረገ። ከፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ካራካላ ብቻውን ቆሟል። እዚያ ሚስቱ ፕላውቲላ ነበረች። በተጋቡበት በ202 የተመታው ዲናር ላይ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው የመንግሥቱ ዘር ከእነሱ እንደሚቀጥል ተጽፎበታል። በ205 አጋዟት፣ በኋላም ገደሏት።

በዚያ ዘመን ብሩ ላይ ደጋግማ የወጣችው ስምምነት ነች። ወንድማማቾቹ ተስማምተዋል፣ ባልና ሚስቱ ተዋደዋል ትላለች። በየገበያው የሚዞረው ብር ስምምነትን ሲያስተምር ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ደም ይፈስሳል። ዩልያ ዶምና ሶርያ ውስጥ ከኤሜሳ የመጣች ሴት ናት። በእሷ ስም ከተመቱት ብሮች በአንዱ ጀርባ ኢሲስ ልጇን ታጠባለች፤ ጽሑፉም የዘመኑን ደስታ ያበስራል። የልጇን ደም በቀሚሷ ላይ ያየች እናት ያንን ብር በእጇ ስትይዝ ምን እንደተሰማት ለማሰብ በሩ ሥር ብዙ ቆምኩ።

በሩን ያሠሩት ደግሞ ብር የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሴቬሩስ ከመቶ ሃምሳ እጁ ገደማ መዳብ የሆነ ዲናር እንዲመታ ያደረገ ንጉሥ ነው። ኔሮ እ.ኤ.አ. በ64 ክብደቱንም ጥራቱንም ቀንሶ መንገዱን ከፍቶ ነበር፤ ሴቬሩስ የወታደር ደመወዝ ሲበዛበት ገፋበት። በዚያው በተቀላቀለው ብሩ ላይ ሞኔታ ሚዛንዋን ይዛ ቆማለች። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በጋሊየኑስ የመጨረሻ ዓመታት በሳንቲሙ ውስጥ የሚገኘው ብር ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ያኔም ርትዕ ሚዛኗን አልጣለችም። ሰዎቹ ምን አደረጉ? የድሮውን ጥሩ ብር ቀበሩት፣ አዲሱን ከፈሉበት። አርኪኦሎጂ በየእርሻው የሚያወጣው ማሰሮ ሙሉ ብር የዚህ ውሳኔ ምስክር ነው። የወሎው ነጋዴ ቢሆኑም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ከሮማ በስተደቡብ ወዳለው ተራራማ አገር የሄድኩት ስለ አንዲት ልጅ ብዬ ነው። ላኑቪዮ ከአልባን ኮረብታዎች ጫፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ ወይን ተክል በየቁልቁለቱ፣ ከሩቅ ባሕር ይታያል። የጁኖ ሶስፒታ ቤተ መቅደስ የነበረው እዚህ ነው። ይህችኛዋ ጁኖ ጦረኛ ናት፦ የፍየል ቆዳ ከነቀንዱ በራሷ ላይ ደፍታ፣ ጦርና ጋሻ ይዛ፣ ጫፉ የተቀለበሰ ጫማ አድርጋ። የሮማ ቆንስሎች በየዓመቱ መጥተው ይሠዉላት ነበር። ከዚህ ከተማ የተነሡ ቤተሰቦች ሮማ ውስጥ የገንዘብ ሹመት ሲያገኙ የአገራቸውን እመቤት ብሩ ላይ አወጡ፤ ቶሪየስ፣ ፓፒየስ፣ ሮስኪየስ።

የሮስኪየስ ዲናር ዙሪያው እንደ መጋዝ የተጠረበ ነው። ጀርመኖች እንዲህ ያለውን ብር ይመርጡ እንደነበር ታሲተስ ጽፏል፤ ሆኖም ውስጡ መዳብ የሆነ ተጠርቦም ተገኝቷል። በጀርባው አንዲት ልጃገረድ ቆማ ቀና ብሎ ለሚጠብቃት እባብ ምግብ ታቀርባለች። በየዓመቱ አንዲት ድንግል ዓይኗ ተሸፍኖ ወደ እባቡ ዋሻ ትወርድ ነበር። እባቡ ከእጇ ከበላ ንጽሕት ናት፣ ዓመቱም ጥጋብ ይሆናል። ካልበላ ጥፋቱ የእሷ ነው።

እኛ አርዌን እናውቃለን። በአፈ ታሪካችን አክሱምን የገዛው እባብ ከሕዝቡ ልጃገረዶችን በግብር ይቀበል ነበር፤ በኋላ አንድ ጀግና ገደለውና ከዘሩ የሳባ ንግሥት ወጣች። በእኛ ተረት እባቡ ጠላት ነው፣ ይሞታል። በላኑቪዮ እባቡ ዳኛ ነው፣ በየዓመቱ ይቀለባል። በሁለቱም አገር ግን የሕዝቡን ፍርሃት ተሸክማ ወደ ጉድጓዱ የምትሄደው ልጅት ናት። ዝናብ ቢቀር፣ አዝመራ ቢጠፋ የሴት ልጅ ገላ ይመረመራል። ይህ ልማድ ከብር ላይ የጠፋ ቢሆንም ከሰው አእምሮ የጠፋ አይመስለኝም። ብሩ ላይ ያለችው ልጅ ግን አትንቀጠቀጥም። ቀራጩ ቀጥ አድርጎ አቁሟታል።

በዚያ አካባቢ የሚታወቀው ምግብ በቅመም የተጠበሰ ሙሉ አሳማ ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ትልቅ ቁራጭ አምጥተው አጠገቤ አኖሩ። አሳማ እንደማንበላ በትሕትና ስነግራቸው እስላም ነህ? አሉኝ። ክርስቲያን ነኝ፣ አገሬ ክርስትናን የተቀበለችው በአራተኛው መቶ ዓመት ነው ስላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ምን እንደምንጾም፣ ስንት ቀን እንደምንጾም ጠየቁኝ፤ በስተመጨረሻ ሳህኑን አንሥተው የጄንዛኖ ዳቦ፣ ወይራና በዘይት የተጠበሰ ቅጠል አመጡልኝ። ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ግሩም ዳቦ ነው። እሳቸውም ከእኔ ጋር ያንኑ በሉ።

የመጨረሻው ጉዞዬ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ፣ አብሩዞ ወደሚባለው የእረኞች አገር ነበር። ኮርፊኒዮ ሸለቆ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በግ ይጠብሳሉ፤ ሥጋውን በትንንሹ ከትፈው በቀጭን እንጨት ይሰኩትና በከሰል ያበስሉታል። ከመንደሩ ጠርዝ የጥንት መቃብሮች ቅሪት እንደ ግንድ ተገትሯል። በዚህ ስፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ91 ዓመት ለሮማ እየሞቱ የሮማ ዜግነት የተነፈጉ ሕዝቦች ዐመፁ፤ ማርሲዎች፣ ፔሊኞች፣ ሳምናውያን። ኮርፊኒየምን ዋና ከተማቸው አደረጓትና የራሳቸውን ብር መቱ። ክብደቱ የሮማ ዲናር ነው፣ መልኩ ግን ሌላ። በአንዱ ላይ ስምንት ወታደሮች አንድ አሳማ ላይ ሰይፋቸውን አመልክተው ይማማላሉ። በሌላው የእነሱ በሬ የሮማን ተኩላ በቀንዱ ይወጋል። ከእነዚህ ብሮች በአንዳንዶቹ ፊት ላይ ደግሞ የቅጠል አክሊል ያደረገች ሴት አለች። ስሟ ኢጣሊያ ነው። ይህ ስም በገንዘብ ላይ ሲወጣ ይህ መጀመሪያው ነው። የሠሯት ከሮማ ጋር ሊዋጉ የተነሡ ሰዎች ናቸው። በጦርነቱ ተሸነፉ፤ የጠየቁትን ዜግነት ግን ሮማ በሕግ ሰጠቻቸው። ከእነዚህ ሴቶች ሁሉ በላይ የምወዳት እሷን ነው፤ የተጨቆኑ ሰዎች ገና ለሌለች አገር መልክ ሰጥተው ዋጋዋን በእውነተኛ ብር ከፈሉላት።

የዚህች ሴት ታሪክ ግን ኮርፊኒዮ ላይ አያበቃም፤ ወደ እኛም መጥታለች። ጣሊያን ኤርትራን ከያዘች በኋላ ማርትሬዛን ከገበያ ለማስወጣት እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ ያለበት ብር አወጣች፤ ሕዝቡ አልወደደውም። እ.ኤ.አ. በ1918 ሌላ ሞከረች። ክብደቱ የማርትሬዛ፣ ጥራቱ የማርትሬዛ፣ ከፊቱ ዘውድ መሰል ጌጥ የደፋች ሙሉ ደረት ሴት፤ ኢጣሊያ ራሷ ናት። የተቀረጸችው ማርትሬዛን እንድትመስል ነው። የአስመራና የትግራይ ነጋዴ አገላብጦ አያትና መለሳት። ከዚያ በኋላ ሮማ ተጨማሪ ሙከራ አላደረገችም። እ.ኤ.አ. በ1935 ጦሯን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ስትዘጋጅ ከኦስትሪያ ፈቃዱን አገኘችና በሮማ ማተሚያ ቤት ሚሊዮን በሚሊዮን ማርትሬዛ አስመታች፤ 1780 የሚለውን ቁጥር ሳትነካ፣ የትከሻዋን ፈርጥ አንድ ሳታጎድል።